ሰላም ያላለን ሁሉ ጠላት፣ የሳቀልን ሁሉ ወዳጅ ነውን?



ከወላጆች ጋር በምናደርጋቸው ስብሰባዎች፣ ስለ ማስካንታ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆች ትምህርት ተነጋግረን ቡና ሲቀርብ፣ ሳይነሳ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «የዚህ አገር ሰው ለምን ሰላም አይልም?» የሚል ነው። አንዲት እናት በደረጃው ላይ በየቀኑ የሚያገኙት ጎረቤት አንድ ቀን እንኳ «እንዴት አደርሽ» እንዳላላቸው ይናገራሉ። አንድ አባት ደግሞ በኩፓት ሆሊም የልጅ ልጃቸውን የምታክል ጸሐፊ በስማቸው ጠርታ «አንተ፣ ና» እንዳለቻቸው ይነግሩናል። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ይጨምራል። በመጨረሻም «ምን ይደረግ፣ ጥቁር ስለሆንን ነው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል።

ይህ ቃል አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እውነት አይደለም። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ክፋት በሌለበት ቦታ ልቡ ይቆስላል፣ ክፋት ባለበት ቦታ ደግሞ በፈገግታ ይታለላል። ስለዚህ በዚህ እትማችን ስለ ሰላምታ መጻፍ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ከየት እንደመጣን እናስታውስ። በጎንደርና በትግራይ መንደሮቻችን መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች፣ ባይተዋወቁም እንኳ፣ ዝም ብለው አይተላለፉም ነበር። ሸክም የያዘው ሸክሙን አስደግፎ፣ በበቅሎ የተቀመጠው ከበቅሎው ወርዶ «እንዴት ዋላችሁ» ይባባላሉ። ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ዝናቡ በየተራ ይጠየቃል፤ መልሱ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ታላቁን ሳይሳለም ያለፈ ልጅ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ይቀድመዋል። እንግዳ ሲመጣ ጉዳዩ ከመጠየቁ በፊት እግሩ ይታጠባል፣ እህል ይቀርብለታል። የተኳረፉ ሰዎች እንኳ «ሰላምታ የእግዜር ነው» ብለው ቃል ይለዋወጣሉ።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ለምን ይደረግ እንደነበረም እናስብ። የመንደሩ ቤት የሚቆጠር ነው። በቀን የሚያጋጥመን እንግዳ ሰው ከጣት ቁጥር አያልፍም። ወንዙ መሙላቱን፣ የገበያውን ዋጋ፣ በመንገዱ ላይ ሽፍታ መኖር አለመኖሩን የምንሰማው ከመንገደኛው አፍ ነበር። ሰላምታ ጨዋነት ብቻ ሳይሆን ዋስትናም ነበር። በቴል አቪቭ የአውቶቡስ ጣቢያ በአንድ ሰዓት የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እንደ መንደራችን እንሳለም ብንል ግን ሥራ ሳንደርስ ይመሽብናል። አዲስ አበባን የሚያውቁ ወገኖቻችንም መርካቶ ውስጥ ማንም ሰው ሁሉን ሰው እንደማይሳለም ይመሰክራሉ።

ሌላም እውነት አለ። ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል፣ ለልጆቻችን ግን ብዙ ጊዜ አንነግራቸውም። እኛም ለእንግዳ ሁሉ ቅርብ አልነበርንም። ሕጋችንንና ንጽሕናችንን ለመጠበቅ ስንል ከሌላው ሕዝብ ጋር አካል ለአካል አንነካካም ነበር፤ የነካ ሰው በውኃ ታጥቦ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። በዚህም «አትንኩኝ» የሚል ስም ወጥቶልናል። ራቅ ብለን ቆመን በመልካም ቃል እንሳለማለን እንጂ እጅ አንጨባበጥም። ይህን የምናደርገው ሰውን ስለጠላን ነበርን? አይደለም፤ ሕጋችን ስለነበር ነው። የማያውቀን ሰው ግን የናቅነው ይመስለው ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በገበያ ሲያገኙን ጎንበስ ብለው «እንደምን ሰነበታችሁ» ይሉን ነበር። ማረሻና ማጭድ የምንሠራላቸው፣ እንስራና ምጣድ የምንሸጥላቸው እኛ ነበርን። ከመካከላቸው እውነተኛ ወዳጆች እንደነበሩ አንክድም። ሆኖም ሰላምታው ከወጣበት ከዚያው አፍ «ፈላሻ»፣ «ቡዳ» የሚለውም ቃል ይወጣ ነበር። ልጅ ሲታመም «ቀጥቃጩ በላው» ይባል ነበር። እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስም ከወገናችን አብዛኛው በሰው ርስት ላይ ጢሰኛ ሆኖ ኖሯል። ሰላምታው ጣፋጭ ነበር፤ መሬት ግን አላስገኘልንም። አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ያሉት በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደዚህ አገር እንምጣ። እዚህ የተወለደውን ሰው «ሳብራ» ይሉታል። ሳብራ ማለት ከትግራይ የመጡ ወገኖቻችን «በለስ» ብለው የሚያውቁት ፍሬ ነው፤ ውጭው እሾህ፣ ውስጡ ጣፋጭ። ነገርን ሳያለሳልሱ ፊት ለፊት መናገርን ደግሞ «ዱግሪ» ይሉታል። ታማር ካትሪኤል የተባሉ የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ስለዚሁ አነጋገር በ1986 አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትመዋል። በዚህ ልማድ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ቅን ነው፤ ቃሉን የሚያሽሞነሙን ሰው አስመሳይ ተብሎ ይጠረጠራል። በእኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ነገርን በሰምና ወርቅ ሸፍኖ የሚናገር ሰው አዋቂ ይባላል፤ እንደመጣለት የሚወረውር ሰው ባለጌ ይባላል። ስለዚህ እስራኤላዊው አለቃ «ይህ ተበላሽቷል፣ እንደገና ሥራው» ሲል እኛ የምንሰማው ስድብ ነው። እኛ ደግሞ አንገታችንን ደፍተን «እሺ» ስንል እሱ የሚሰማው ስምምነት ነው። ሁለታችንም ያልተባለውን ሰምተናል።

«አንተ፣ ና» የተባሉት አባት ቅሬታቸው ይገባናል። ጸሐፊዋ የምትናገርበት ቋንቋ ግን «አንቱ» የሚል ቃል የለውም። ዕብራይስጥ የሚናገር ሰው ሐኪሙንም፣ አለቃውንም ፊት ለፊት ሲያነጋግር «አታ» ይላል። «ማ ንሽማ» ብሎ መልሱን ሳይጠብቅ የሚያልፈውም ሰው እንዲሁ ነው። አዲስ የመጡ ወገኖቻችን ስለ ጤናቸውና ስለ ቤተሰባቸው ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ጠያቂው ጥግ ዞሮ ሄዷል። ይህ ንቀት ሳይሆን የሰላምታቸው ርዝመት ያን ያህል ብቻ ስለሆነ ነው። እኛስ ብንሆን ታመን እያለ «እንዴት ነህ» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንል የለምን?

በሌላ ፊት ደግሞ የዚህ አገር ሰው እኛ ከምናውቀው በላይ ቅርብ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠች የማናውቃት ሴት «ደመወዝሽ ስንት ነው? ቤቱን በስንት ገዛችሁት?» ትላለች። «ሕፃኑ ይበርደዋል፣ ኮፍያ አድርጊለት» ብላ እናትን ትቆጣለች። ብዙ እናቶቻችን በዚህ ይናደዳሉ። ነገር ግን በመንደራችን የማንንም ልጅ ማንም ትልቅ ሰው ይቆጣ፣ ይመክር አልነበረምን? ያቺ ሴት ሳታውቀው የእኛን አክስት ሥራ እየሠራች ነው። የሕፃን ጋሪ ይዛ አውቶቡስ የምትሳፈር እናትም ረዳት ለምና አታውቅም፤ አንዱ ሳይጠየቅ ከፊት ይይዝላታል፣ «ቶዳ» ሳይባልም ሄዶ ይቀመጣል። ሰው ሲሞትና ሺቫ ሲቀመጡ ደግሞ በሩ ሰባት ቀን ክፍት ነው፤ ሰላም ብሎ የማያውቀው ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል። በግንቦት 1991 ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ሲገቡ፣ ልብስና መጫወቻ ይዘው ወደ ማረፊያዎቹ የመጡትን የማናውቃቸውን ሰዎችም አልረሳናቸውም።

ከላይ የጠቀስናቸው እናት ታሪካቸው እዚያ አላበቃም። አንድ የክረምት ሌሊት ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። አሳንሰሩ አይሠራም ነበር። ጩኸታቸውን ሰምቶ በሩን ያንኳኳው፣ አምቡላንስ የጠራው፣ ከሠራተኞቹ ጋር ሆኖ አራት ፎቅ ተሸክሞ ያወረዳቸው፣ ልጃቸው እስኪመጣ ድረስም ሆስፒታል የጠበቀው ያ ሰላም የማይለው ጎረቤት ነው። ድነው ከተመለሱ በኋላ በደረጃው ላይ ተገናኙ። ቆሻሻውን ይዞ፣ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ አለፋቸው! ዛሬ ስለ እሱ ሲጠየቁ «ሰላምታ አያውቅም፤ ሰውነት ግን ያውቃል» ይላሉ።

ሌላ ታሪክ ደግሞ እንንገራችሁ። ሁለት ወጣት ባልና ሚስት ልጆቻችን የሚከራይ ቤት ሊያዩ ሄዱ። ባለቤቱ በር ላይ ሲያያቸው በፈገግታ ተቀበላቸው፣ ውኃ አቀረበላቸው፣ ሥራቸውን ጠየቀ። ከዚያም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «በጣም አዝናለሁ፣ ዛሬ ጠዋት ተከራየ» አላቸው። ማታውን ሌላ ዓይነት ስም ያለው የሥራ ባልደረባቸው ስልክ ደወለ። ቤቱ አልተከራየም ነበር። ልጆቹ የነገሩን ነገር ልብ ይነካል። «ደግ ሰው ነው ብለን መንገዱን ሁሉ ስናመሰግነው ነበር» አሉን።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አቁማችሁ እዩአቸው። በሰላምታ ብንመዝን ኖሮ የመጀመሪያውን ጠላት፣ ሁለተኛውን ወዳጅ ባልን ነበር።

የማኅበረሰባችን ትልልቅ ቁስሎችም የመጡት ከሰላምታ ጉድለት አይደለም። በጥር 1996 የተጋለጠውን የደም ጉዳይ አስታውሱ። ልጆቻችን ክንዳቸውን ዘርግተው ደም ሲሰጡ ደማችሁን አንፈልግም ያላቸው አልነበረም። ደሙ ከተወሰደ በኋላ ግን ሳይነገራቸው ይጣል ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝባችን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት የጮኸው ከጀርባው ስለተደረገው ነገር ነው። በጥር 2012ም በቂርያት ማላኺ አንዳንድ ነዋሪዎች ለእኛ ሰው ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል የሚል ዜና በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሕዝባችን ለሰልፍ ወጥቷል። ያ ሰልፍ ጎረቤቶቻችን «ሻሎም» አላሉንም ብሎ የወጣ ሰልፍ አልነበረም፤ ስለ በርና ስለ ቁልፍ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንድ ሰው ፊቱን ሲያጠቁርብን ከመፍረዳችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች ራሳችንን እንጠይቅ። አንደኛ፣ ይህን የሚያደርገው በእኛ ላይ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም ላይ? ተራ ይዘን ስንቆም ከፊታችን ያለውንም እንዲሁ ሲያመናጭቀው ካየን፣ ጠባዩ ነው። ሁለተኛ፣ የነሣን ነገር አለ ወይ? ሥራ፣ ቤት፣ ትምህርት፣ ተራ፣ መድኃኒት፣ ወደ አዳራሽ መግባት? የሚገባንን ከሰጠን ፊቱ የራሱ ጉዳይ ነው። ከነሣን ግን ቢስቅም ባይስቅም በደለን። ሦስተኛ፣ ምክንያቱን ስንጠይቀው በግልጽ ይነግረናል ወይስ በጣፋጭ ቃል ይሸሸናል?

መልሱ በደል መሆኑን ካሳየን ግን ዝም ማለት የለብንም። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ወደ ቤት መመለስ የጨዋ ልማዳችን ነው፤ በዚህ አገር ግን ያልተጻፈ በደል እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል፣ የነበረውን ምስክር ያን ዕለት ጻፉ፤ ዕብራይስጥ የሚጽፍ ልጅ በየቤቱ አለ። በ1988 የወጣው ሕግ በሥራ ቦታ፣ በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ በአገልግሎት፣ በሸቀጥና ወደ መዝናኛና ወደ ሕዝብ ቦታዎች በመግባት ሰውን መለየት ይከለክላሉ። በ2016ም የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ኤሚ ፓልሞር የመሩት ኮሚቴ በማኅበረሰባችን ላይ ስለሚደርሰው ዘረኝነት ሪፖርት አቅርቦ፣ በሚኒስቴሩ ውስጥ ይህንኑ የሚታገል ክፍል ተቋቁሟል። እነዚህ ሁሉ የተገኙት በልመና ሳይሆን በትግል ነው። ካልተጠቀምንባቸው ግን ወረቀት ሆነው ይቀራሉ።

ስለ ልጆቻችን ደግሞ ለየት ያለ ቃል አለን። በመምህርነት ሠልጥነን ክፍል ውስጥ የቆምን ሰዎች ስለሆንን፣ ያየነውን መናገር ግዴታችን ነው። ልጅ ትልቅ ሰው ሲናገረው ዓይኑን መሬት ላይ እንዲያደርግ እናስተምረዋለን። ሞራዋ ደግሞ «ሳናግርህ ዓይኔን እያየህ!» ትለዋለች። ትእዛዟን ለምዶ ማታ አባቱን ትክ ብሎ ሲያይ «ዓይን አውጣ» ይባላል። ልጁ በሁለቱም ቤት ጥፋተኛ ነው። ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ስለማይናገር፣ እጁንም ስለማያወጣ «ዝምተኛ ነው፣ አልገባውም፣ ደካማ ነው» ተብሎ በሪፖርቱ ይጻፋል። በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ምክንያት ወደማይገባቸው የትምህርት ክፍል የተመሩ ልጆች አይተናል። የአንድ ልጅ ዕድል በሰላምታና በዓይን አጣጣል ሲወሰን ማየት ያሳዝናል።

ስለዚህ ለወላጆች የምንለው ይህ ነው። ለልጆቻችሁ ሁለቱንም ልማድ አስተምሯቸው፤ አንዱን አስጥላችሁ ሌላውን አትስጧቸው። «አያትህ ፊት ዓይንህን ዝቅ አድርግ፤ ሞራህን ግን ቀና ብለህ እያት፣ ያልገባህንም አልገባኝም በላት፤ ይህ ብልግና አይደለም» በሏቸው። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ልጅ ሁለት ሰላምታም ይችላል። በአሴፋት ሆሪም ጊዜም ተገኝታችሁ «ልጄ ዝም ያለው አክብሮሽ ነው» ብላችሁ ለመምህሯ ንገሯት። ይህን ገጽ በዕብራይስጥ ለሚያነቡ መምህራንም የምንለው አለን። እኛ የእናንተን እሾህ ገልጠን ጣፋጩን ለማግኘት ስንደክም እናንተም የእኛን ዝምታ ገልጣችሁ ለማየት ድከሙ። መማር ያለበት እንግዳው ብቻ አይደለም።

«እሺ» ስለምትለው ቃላችንም እንጠንቀቅ። ሐኪም ፊት ሳይገባን «እሺ» ማለት አክብሮት ይመስለናል፤ መዘዙ ግን ክኒኑን አሳስቶ መዋጥ ነው። ባንክ ውስጥ ሳይገባን «ቤሴዴር» ብለን የፈረምነው ወረቀት ለዓመታት ያስከፍለናል። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለበሽተኛው በሚገባው ቋንቋ እንዲያስረዱ ታዟል። «አልገባኝም፣ በአማርኛ የሚያስረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ» ማለት ነውር አይደለም፤ መብት ነው።

በመጨረሻም ጣታችንን ወደ ራሳችን እናዙር። ዛሬ በዚህ አገር ከ160 ሺህ በላይ ሆነናል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ አሥር የእኛ ቤተሰቦች ኖረው ሳይተዋወቁ የሚከርሙበት ጊዜ መጥቷል። ወጣቶቻችን ሽማግሌ በአጠገባቸው ሲያልፍ ዓይናቸውን ከስልካቸው አያነሱም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በ«ጹር እስራኤል» የገቡት ወገኖቻችን ስንቶቻችን ደጃቸውን አንኳኩተናል? ከእኛ ዘንድ ቀድሞ የመጣው አዲሱን «ገና ያልነቃ» ብሎ ሲስቅበት ሰምተናል። የዚህን አገር ሰው ሰላም አይለንም ብለን ከስሰን፣ የገዛ ወንድማችንን ሰላም ሳንል ካለፍን ክሳችን ከየት ይነሣል? አባታችን አብርሃም በቀትር ፀሐይ ከድንኳኑ ሮጦ ወጥቶ የተቀበላቸው ሰዎች የማያውቃቸው መንገደኞች ነበሩ።

ይህን ልማድ ይዘነው የመጣን ሀብት ነው፤ ወርቅ ሳንይዝ እሱን ይዘን መጣን። እንግዲያውስ አንጣለው። በደረጃው ላይ ላለው ጎረቤት ቀድመን «ቦከር ቶቭ» እንበለው። ባይመልስ አንቆጣ፣ ነገም እንበለው። ሰንበት ሲቃረብ አንድ ቁራሽ ዳቦ ይዘን በሩን እናንኳኳ፤ ቡናም እንጥራው። ሰላምታችንን የምንሰጠው ለምነን ሳይሆን ባለጠጎች ስለሆንን ነው። መብታችንን ደግሞ የምንጠይቀው ፈገግታ ስለተነፈግን ሳይሆን መብት ስለሆነ ነው። ሁለቱን በሁለት እጃችን እንያዝ፣ አንዱን በሌላው አንለውጥ።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። የሰውን ሥራ በልባችን እንይ፤ ለልጆቻችንም ይህን ማየት እናውርሳቸው።

ሰላም ያገናኘን።

አዘጋጆቹ